መጨባበጥ ቀረ፣ ለቅሶ ግን አልቀረም፦ ጎንደር የወረርሽኝ ክልከላን በምን መዘነችው?

በ2012 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰፈራችን ውስጥ አንዲት የተከበሩ እናት ዐረፉ። ንጋት ላይ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ፤ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። በዚያ ሰሞን በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ በአንድ ቦታ መሰብሰብ በአዋጅ ተከልክሏል። ሟቿ ደግሞ ግማሹን ሰፈር ያሳደጉ፣ የስንት አራስ ገንፎ ያገነፉ ሴት ናቸው። ማን ቀርቶ ማን ሊመጣ ነው?

የእድሩ ዳኛ ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ነበር። ከግቢው በር ውጪ በርጩማ አስቀምጠው፣ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ የእድሩን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ሰው በመጣ ቁጥር ከመዝገቡ ስሙን እየፈለጉ ተራ ያወጡለታል። "እናንተ አሁን ግቡ። እናንተ ከቀትር በኋላ ኑ። አንቺ ልጄ፣ እናትሽ ደካማ ናትና ቤት ሁኚ፤ እንደመጣሽ አድርጌ ምልክት አደርግልሻለሁ።" የእድር ሰው ይህች ምልክት ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ የሚብሰው ደግሞ "እገሌ ቀረ" መባሉ ነው። ዳኛው በአንድ የብዕር ጭረት ሁለቱንም ከልጅቷ ላይ አነሡላት።

ከእሳቸው ጋር የተከራከረ ሰው አላየሁም። ሳምንት ቀደም ብሎ በዚያው መንገድ ላይ ፖሊሶች ሰው ሲበትኑ፣ ሰዉ ጥግ ይዞ ቆይቶ እነሱ ዞር ሲሉ ተመልሶ ሲሰባሰብ ግን አይቻለሁ። ያው ሰው፣ ያው ክልከላ፣ ያው መንገድ ነው።

ይህን ዛሬ የማነሣው ጉዳዩ ስላላለፈ ነው። በግንቦት 2017 የዝንጀሮ ፈንጣጣ በሞያሌ ተገኘ። በኅዳር 2018 ደግሞ በጂንካ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ተረጋገጠ፤ በሀገራችን የመጀመሪያው ነው። ማርበርግ ከሟች አስከሬን ጭምር የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ፣ ገደቡ የሚያርፈው በቀጥታ ግንዘትና ቀብር ላይ ነው። ስለዚህ በኮሮና ጊዜ ሕዝቡ የትኛውን ክልከላ ተቀበለ፣ የትኛውን ጣለ፣ ለምን ጣለ የሚለውን ሳንመረምር ከተውነው፣ የሚቀጥለው መመሪያ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይመጣል።

አዋጁ ምን ይል ነበር?

የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን የአማራ ክልል መንግሥት ለ14 ቀን ዘጋቸው። ለነሐሴ የታቀደው ሀገር አቀፍ ምርጫ ተራዘመ። መጋቢት 30 ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በማስፈጸሚያ ደንቡ መሠረት መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሕዝብ መገልገያ ቦታ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ተወሰነ፤ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛ እንዳያሰናብት ታዘዘ። የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት ይጠብቀዋል።

ሰዉን ሁሉ ቤት የሚዘጋ አዋጅ ግን አልወጣም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት የሌለው ብዙ ዜጋ ባለበት ሀገር፣ ቤት ያለውም በዕለት ሥራ በሚያድርበት ሀገር፣ ሁሉን መዝጋት እንደማይቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ይህ አስተዋይነት ነበር እላለሁ። ችግሩ፣ ይኸው አስተዋይነት በከፊል ክልከላዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለመግባቱ ነው። ተቀጣሪውና ተከራዩ ከለላ አገኙ፤ ውል የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ፋሲል ግቢ በር ላይ ጎብኚ የሚጠብቀው አስጎብኚ ከአዋጁ ውስጥ ስማቸውን ቢፈልጉ ራሳቸውን የሚያገኙት በተከልካይነት ብቻ ነበር።

ምትክ ያለውና ምትክ የሌለው

እነዚያን ወራት መለስ ብዬ ሳስባቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ሰው ክልከላውን የመዘነው በቅጣቱ ክብደት አልነበረም። የተከለከለውን ነገር በምን እንደሚተካው እያየ ነበር የመዘነው።

መጨባበጥን ተመልከቱ። ለጎንደር ሰው ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትከሻ ለትከሻ መገጫጨቱ፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳሙ፣ "ደኅና ነዎት? ልጆች ደኅና ናቸው? ከብቱ፣ አገሩ ደኅና ነው?" እየተባለ እጅ ሳይለቀቅ የሚዘልቀው ጥያቄ የኑሮው አካል ነው። በሩቅ ላየው ሰው ይህ መቼም አይቀርም ብሎ ይምላል። ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ ቀረ። የቀረው ምትኩ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በእጃችን ስለነበረ ነው። ታላቅ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ መዳፍን ደረት ላይ አድርጎ እጅ መንሳት ከመጨባበጥ የቀደመ ነባር ሰላምታ ነው። ሽማግሌዎቹ እንዲያውም ደስ አላቸው። አንድ አባት መንገድ ላይ አግኝቼአቸው ዝቅ ብዬ እጅ ብነሣቸው፣ "ይኸውና ወደ ደንቡ ተመለስን" አሉኝ። ለእሳቸው ክልከላው የጠፋ ሥርዓት የመለሰ ነበር።

የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ግማሽ መንገድ ሄደ። ነጠላውንና ጋቢውን አፉ ላይ ጣል ማድረግ፣ ምች እንዳይመታኝ፣ ብርድ እንዳይገባኝ ብሎ መሸፋፈን ለደገኛ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው ወር ገበያ የወጡ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ያለ ምንም ግዳጅ ይገበያዩ ነበር። የኋላ ኋላ ጥበቃው በፋብሪካ ወይም በልብስ ሰፊ በተሠራችው ማስክ ብቻ ሲለካ፣ ነገሩ ከጤና ወደ ፍተሻ ዞረ። ማስክ ከአገጭ በታች ትውላለች፤ ፖሊስ ሲታይ ወደ ላይ ትሳባለች፤ ሲያልፍ ትወርዳለች። ባንክ በር ላይ አንዱ አውልቆ ለሌላው እያቀበለ፣ በአንዲት ማስክ ሦስት ሰው ሲገባ ያየሁበት ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሕጉ ተከብሯል፤ ጤናው ግን ባሰበት። ሰዎቹ ሞኞች ሆነው አልነበረም። ማስኳን የበር ማለፊያ እንጂ የበሽታ መከላከያ አድርጎ ያስተማራቸው አፈጻጸሙ ነው።

እጅ መታጠብን በተመለከተ የሰዉ ፈቃድ ሙሉ ነበር፤ የጎደለው ውሃ ነው። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ መገጭ ግድብ ለዓመታት "ዘንድሮ ያልቃል" እየተባለ፣ ጎንደር ውሃ በፈረቃ የምትጠጣ ከተማ ናት። ቧንቧ ሳምንት ሲጠፋ ጀሪካን ከሩቅ የምታስቀዳ እናት "በየሰዓቱ ለ20 ሰከንድ ታጠቢ" ስትባል ምን ትላለች? ብዙዎቹ ያልታጠቡት አልቀበልም ብለው አይደለም። ይህን ከእምቢታ የሚቆጥር ባለሥልጣን ካለ በጣም ይሳሳታል።

ባጃጁ ላይ ግን ክልከላው ፊት ለፊት ከእንጀራ ጋር ተጋጨ። ከፒያሳ ማራኪ የሚመላለስ አንድ ወጣት ሹፌር ሒሳቡን ቆሞ አስረድቶኛል። ባጃጁ የእሱ አይደለም፤ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ይከፍላል፤ ቤንዚን በራሱ ነው። ከኋላ ሦስት ሰው ይጭን የነበረው ግማሹን ጫን ሲባል ታሪፉ ከፍ ቢልም፣ ያን ታሪፍ የሚከፍለው ተሳፋሪ በእግሩ መሄድ መረጠ። የባለንብረቱ የቀን ገቢ ግን አልተቀነሰም። "መንግሥት እኔን ሲከለክለኝ ባለንብረቱንም 'ተወው' ቢልልኝ እኮ እታዘዝ ነበር" አለኝ። አከራይን ያሰበ አዋጅ የባጃጅ ባለንብረትን አላሰበም። ሹፌሩ የፊቱን ትራፊክ እያየ ሦስተኛውን ሰው ከመታጠፊያው በኋላ መጫን ጀመረ። ክልከላው ቀድሞ የሞተው እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው።

ለቅሶው ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ምትክ የለውማ። ሠርግ ይቆያል፤ ማኅበር ይቆያል፤ ክርስትና እንኳ ቤተሰብ ብቻ ሆኖ ይነሣል። ያ ዓመት ፋሲካን፣ ሚያዝያ 11ን፣ ቅዱስ ሲኖዶስ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ጥሪ አቅርቦ ብዙ ሰው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ቅዳሴ እየተከታተለ አሳለፈው። የጎንደር ሰው፣ 44 ታቦት ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው፣ የፋሲካን ሌሊት ቤቱ ማሳለፉ ምን ያህል ከባድ እንደነበር በቃል አይነገርም፤ ግን ሆነ። ሙስሊም ወገኖቻችንም የረመዳንን የተራዊህ ሶላት እንዲሁ በቤታቸው ሰገዱ። ፋሲካና ረመዳን ሁለቱም ከርሞ ይመለሳሉ። ሙት ግን አይመለስም። ዛሬ ያልተሸኘ ሰው ሳይሸኝ ቀረ ማለት ነው። ሐዘንተኛውም በዓመቱ፣ በአምስት ዓመቱ "ያን ጊዜ ማን መጣ?" ብሎ ይቆጥራል። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሐዘን ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው የሚከፍለው ብድር፣ ነገም የሚበደረው ዋስትናው ነው። "አትሂድ" ያልከው ሰው ይህን ሁሉ አፍርስ እንዳልከው ነው የሚሰማው። በር ላይ የተቀመጡት ዳኛ ሥራቸው የተሳካው ይህን ስላወቁ ነው። አትምጡ አላሉም። መምጣቱን በተራ አደረጉት፤ መቅረቱንም ከነውር አወጡት።

በዚያ ዘመን የዓለም ባንክ ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በስልክ ባካሄደው ተከታታይ ጥናት፣ በመጀመሪያው ዙር አብዛኛው ተጠያቂ እጁን አዘውትሮ እንደሚታጠብና መጨባበጥ እንደተወ ተናግሯል። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ስልክ አንሥቶ "አዎ፣ እታጠባለሁ" ያለው ሰውና ለቅሶ ቤት የማይቀረው ሰው አንድ መሆኑን ጥናት አንብቦ ብቻ መረዳት ይከብዳል።

"አስቸኳይ ጊዜ" የሚለው ቃል

ጎንደር ላይ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ሳይናገሩ ማለፍ እውነቱን መሸሽ ይሆናል። በ2008 ክረምት በከተማዋ የተነሣውን ተቃውሞ ተከትሎ፣ በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየካቲት 2010 እንደገና ታወጀ። በመጋቢት 2012 ለኮሮና፣ በጥቅምት 2014 ለጦርነቱ፣ በሐምሌ 2015 ደግሞ በክልሉ ለተፈጠረው ግጭት ታወጀ። በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ማለት ነው። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ስለ ጤና ነበር፤ ስሙ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። የሚያስፈጽሙት ሰዎች፣ የለበሱት ልብስ፣ የሚቆሙበት ኬላም አንድ ነው።

ልጁ በ2009 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታሰረባት እናት በ2012 "በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረት" የሚል ድምፅ በድምፅ ማጉያ ስትሰማ መጀመሪያ የሚመጣባት ሳሙና አይደለም። በዚያ ላይ የምርጫው መራዘም አለ። ምርጫ ቦርድ በወረርሽኝ መካከል መራጭ መመዝገብ እንደማይቻል ማስረዳቱ ምክንያታዊ ነበር፤ ሆኖም ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው በሽታውንና ሥልጣኑን አንድ ላይ አያይዞ መጠርጠሩ አልቀረም። ጥርጣሬው በሽታውን አልፈጠረውም፤ የጤና ባለሙያዋ የምትናገረውን ግን ግማሽ ያህሉን ዋጠው። ወረርሽኝ የጸጥታ ጉዳይ ተደርጎ ከቀረበ ሕዝቡም የሚመልሰው ለጸጥታ ኃይል የሚመልሰውን መልስ ነው፦ ፊት ለፊት እሺ፣ ዘወር ሲሉ እንደ ወትሮው።

ፍርሃትም ተራ አለው። የዚያን ጊዜዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን ቁጥር ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቅ ነበር። አዋጁ በ2012 መጨረሻ አብቅቶ በመመሪያ ተተካ። ጥቅምት 2013 መጨረሻ ላይ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ፤ ኅዳር 4 ሌሊት ሮኬት አዘዞ ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ ተተኮሰ። በማግስቱ ስለ ማስክ የሚያነሣ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት በጥር ጥምቀት ሲደርስ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያው ሞልቶ ነበር። ይህን ሕዝቡ በሽታውን ስለናቀ ነው ብለው የጻፉ ነበሩ፤ አልስማማም። ሞት በሌላ በር እየገባ ያየ ሰው ለአንዱ በር ብቻ ዘብ ሊቆም አይችልም።

ሕዝቡ በሁሉም ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። "ኮሮና የፈረንጅ በሽታ ነው"፣ "ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይበቃል" የሚለው ወሬ ሰው በልቷል። በመንግሥት መዝገብ ብቻ እንኳ በሀገሪቱ ከ7,500 በላይ ሰው በኮቪድ ሞቷል። ክትባቱ የመጀመሪያው በሽተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ሲጀመርም፣ ክትባቱን ሸሽተው የኋላ ኋላ የሚወዷቸውን የቀበሩ አሉ። በእኔም ዘመድ ደርሷል።

ይህች ከተማ ለወረርሽኝ አዲስ አይደለችም

ጎንደር ላይ ስለ ወረርሽኝ ሲወራ እንደ እንግዳ ነገር መወራቱ ይገርመኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ አገኘ፤ በሩና መስኮቱ እንዲከፈት አድርጎ የመኳንንቱን ልጆች አስታመመ። በኅዳር 1911 የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ ሀገሪቱን ሲያዳርስ "የኅዳር በሽታ" ተባለ፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ የሚታጠነው በዚያ መታሰቢያ ነው። ማንም ሳይገደድ፣ ያለ ፖሊስ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የጽዳት ሥርዓት ማለት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ደምቢያ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ከከተማዋ ደቡብ በጣና ዳር ባለው ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ 1954 እ.ኤ.አ.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይህ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን (ሳኒተሪያኖችን) በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ከመነሻው ሥራው ሆስፒታል ቁጭ ብሎ በሽተኛ መጠበቅ አልነበረም፤ መንደር ገብቶ፣ ሽማግሌ አስፈቅዶ፣ ረግረግ አጠንፍፎ፣ መጸዳጃ አስቆፍሮ መመለስ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የዚያ አሠራር ልጆች ናቸው። የየቤቱን በር ያውቃሉ፤ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን መድኃኒት እንዳቋረጠ ያውቃሉ። በ2012 ግን ድምፅ ማጉያ የያዘው መኪና ከእነሱ ቀደመ።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2015 ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡ ጠበልተኞች መካከል ኮሌራ ገባ። ለመዳን የመጣ ሰው ታሞ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ቦታ "ጠበል ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ብትለጥፍ ማን ያነብልሃል? እዚያ ቦታ መጀመሪያ መነጋገር የሚገባው ከአገልጋዮቹ ካህናት ጋር ነው። ጠበሉን ሳይነኩ የሚጠጣውን ውሃ ማከም፣ መጸዳጃውን ከውሃው ማራቅ፣ የታመመውን መለየት ይቻላል፤ ይህን ሁሉ ግን ቃሉ የሚሰማው ካህን ካላወጀው ከወረቀቱ አያልፍም።

በእኔ እምነት ለሚመጣው ወረርሽኝ ዝግጅት የሚጀመረው ከእድሮች መተዳደሪያ ደንብ ነው። ይህን ስል የማይሆን ነገር እየተመኘሁ አይደለም። የእኛ እድር ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ አንቀጽ ለመጨመር ተወያይቷል፦ ጤና መምሪያ ወረርሽኝ መኖሩን ባስታወቀ ጊዜ ለቅሶ ያልተገኘ አባል አይቀጣም፤ በተራ የመጣም እንደ ሙሉ ለቀስተኛ ይቆጠራል። ወንዶቹ ወዲያው ተስማሙ። አንዲት አረጋዊት ግን ተነሥተው ተቃወሙ። "ቅጣቱ ይቅር፤ ያልመጣው ሰው ግን ለሐዘንተኛው ስልክ ይደውል። ዝም ካለ ይቀጣ" አሉ። ለረጅም ሰዓት ተከራከርንበት። በመጨረሻ አንቀጹ የጸደቀው እሳቸው እንዳሉት ሆኖ ነው።